በሁለት ወንዝ መሃል፦ ወደ ጨፌ የሄድኩበት ሳምንት

ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቻለሁ። ሰው ሲሳፈርና ሲወርድ በመስታወት እያየሁ ኖርኩ እንጂ፣ እኔ ራሴ ተሳፍሬ ከደብረ ብርሃን አልፌ አላውቅም ነበር። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ነሐሴ እንደገባ፣ ከቤት ያስወጣችኝ ልጄ ሕይወት ናት።

ሕይወት አዋላጅ ነርስ ናት። የተመደበችው ከቆቦ በስተምሥራቅ፣ ራያ ሜዳ ላይ፣ ጨፌ በምትባል የገጠር ቀበሌ ውስጥ ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው። ጨፌ በበጋ እንደ ማንኛውም አገር በባጃጅ ይገባባታል። ክረምት ሲሆን ግን ከተራራው የሚወርዱ ሁለት ወንዞች በግራና በቀኝ ይይዟትና ወደ ታች ወርደው ይገናኛሉ። ያኔ ጨፌ ደሴት ናት። ድልድይ የላትም፤ ጀልባ ደግሞ በዚያ አገር ያየ የለም። ሕይወት ይህን በስልክ የምትነግረን እንደ ቀልድ ነበር። «ሐይቅ የሌለው ደሴት ላይ ነው የምሠራው» ትለን ነበር።

ከዚያ ስልኳ ጠፋ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። ቆቦ ላለ አንድ ባልደረባዋ ደወልን። «ኔትወርክ ስለጠፋ ነው እንጂ ደህና ናት» አለን። «አይተሃታል?» ስለው፣ «እኔ እንኳ አላየኋትም» አለ።

ባለቤቴ አስካለ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ዘጋችው። «ሂድና ይዘሃት ና» አለችኝ። እኔም የምሄደው ላያት ብቻ አልነበረም። ሰፈራችን ያለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ቦታ አፈላልጌላት፣ ባለቤቱም «ትምጣ» ብሎኛል። ሕይወት ይህን አታውቅም።

የመጀመሪያው ቀን

ከንጋቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ነበርኩ። ፍልሰታ ስለሆነ አስካለ በዘንቢል የጾም ስንቅ ሞልታልኛለች፤ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ እንጀራ። ለሕይወት ደግሞ ወፍራም የሱፍ ሹራብ ከላይ ጣል አድርጋለች። ለራያ ቆላ ሹራብ! ብነግራት «ልጄ ብርድ አትችልም» ብላ ነገሩን ጨረሰችው።

ልክ ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር ያዝኩ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር እኔም የወለሉን ላሜራ እረግጣለሁ። ጣርማ በርን አልፈን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ቁልቁለቱን በሙሉ የነዳሁት እኔ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንም። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እግሬን ስታይ ቆይታ፣ «አባባ፣ እግርዎን ያምዎታል?» አለችኝ።

«ኧረ አያመኝም። እየነዳሁ ነው።»

ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ሸዋ ሮቢት ለምሳ ስንወርድ ቦታ ቀየረች።

ኮምቦልቻ ሞቆን፣ ወዲያው ደሴ ላይ ጉም ዋጠን። ከእንጦጦ የባሰ ብርድ አለ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ያደርኩበት ቤት ብርድ ልብሱ ስስ ስለነበር የሕይወትን ሹራብ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ተኛሁ። ለአስካለ አልነገርኳትም።

ሁለተኛው ቀን

ከደሴ ወልዲያ በሚኒባስ፣ ከወልዲያ ቆቦ በሌላ ሚኒባስ። በእኛ ከተማ ተሳፋሪ ወንበር ሲያጣ ይጨቃጨቃል፤ እዚህ ይጠጋጋል። ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ስገባ ሰዎቹ በመጠጋጋት ብቻ አላበቁም፤ ዘንቢሌን ጭናቸው ላይ አስቀመጡልኝ። ሁሉም የሚጠያየቀው ስለ መንገድ ነው። መንገዱ ክፍት ነው? ከየት መጣችሁ? እዚያ ሰላም ነው? እነዚህን ሳይጠይቅ ስለ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም።

ከወልዲያ በኋላ አገሩ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ጎብዬ ላይ መኪናው ቆመ። በመንገዱ ዳር ሴቶች በለስ በባልዲ አቅርበው ይሸጣሉ። በእኛ ከተማ በለስ የገዛ ሰው ተልጦለት ይበላል። እኔ ግን ሻጯ ለመላጥ እጇን እስክትዘረጋ መታገሥ አቃተኝና በባዶ እጄ አነሳሁት። የበለስ እሾህ ዓይን አያየውም፤ ጣት ግን ያውቀዋል። ሻጯ «ውይ አባቴን!» ብላ ደነገጠች፤ ቀጥላም ሳቋ አሸነፋት። አጠገቧ ያለችው የሻይ ቤት ባለቤት ወረንጦ ይዛ መጣች። መነጽሯን አድርጋ፣ እጄን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ አንድ በአንድ ነቀለችልኝ። ሚኒባሱ በሙሉ ጠበቀኝ። ሾፌሩ አንዴም ጥሩምባ አልነፋም። እኔ በሥራ ዘመኔ ለአንድ ሰው እሾህ ብዬ አውቶቡስ አቁሜ አላውቅም።

ቆቦ ስገባ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት በር ተቀበለኝ። አልጋ ይዤ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ባጃጅ ወደሚቆምበት ሄድኩ።

«ጨፌ?» አለ የመጀመሪያው። «አይገባም።»

ሁለተኛው «ከስንት ቀን ወዲህ ሰው አልገባም» አለኝ። ሦስተኛው፣ ጢሙን ያሳደገ ጎልማሳ፣ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አባባ፣ ነገ ጧት እስከ ወንዙ አደርስዎታለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቃል።»

ሦስተኛው ቀን

ባጃጁ ከአስፋልት ወርዶ በማሽላ መሃል ይሄዳል። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ ከሰማይ በቀር የሚታይ የለም። አንድ ሰዓት ያህል ከተንገጫገጭን በኋላ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ሞተሩ ጠፍቶ ድምፁ ግን ቀጠለ። የወንዙ ድምፅ ነበር።

በእኛ ሰፈር ወንዝ ማለት በድልድይ ስታልፍ አፍንጫህን የምትይዝበት ነገር ነው። ይህ ሌላ ነው። ውሃው ቀይ ጭቃ ይመስላል፤ ስፋቱ ትልቅ አደባባይ ያህላል፤ መሃሉ ላይ ሙሉ ግራር ከነሥሩ እየተገለባበጠ ያልፋል። ማዶ ያለው ዛፍ ይታያል፣ ሰውም ይታያል። መሄድ ግን የለም። ባጃጁ ተመልሶ ሄደ። ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ ቆምኩ።

ዳርቻው ላይ ሽርጥ የታጠቀ፣ ረጅም፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው በትሩን ተደግፎ ቆሟል። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ምን ፈልጌ እንደመጣሁ አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ «ከማዶ ማን አለህ?» ብሎ ነው።

«ልጄ» አልኩት።

«እኔም ልጄ» አለ።

ስሙ ሰይድ ነው። ቤቱ ከወንዙ የአሥር ደቂቃ መንገድ ይሆናል። ልጁ መዲና ካገባች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የጨፌ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ትኖራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። እናቷ ዘሃራ ሳትሄድላት ወንዙ ቀደማት። ሰይድ ጧትና ማታ እየወረደ ውሃውን ያያል። ይህን ሁሉ ወደ ቤቱ ስንሄድ ነገረኝ፤ እኔም ልጄ ጨፌ ውስጥ አዋላጅ መሆኗን ነገርኩት። ወደ ቤቱ እንድሄድም አልጠየቀኝም፤ ዘንቢሌን አንሥቶ ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት።

ዘሃራ በትልቅ ቅል ወተት ይዛ መጣች። ምን ብዬ እምቢ እንደምል ጨነቀኝ። ሰይድ ሳቀ።

«ፍልሰታ መሆኑን የማናውቅ መሰለህ? ጎረቤቶቼ ሁሉ ጾመኛ ናቸው። ወተቱ የኔ ነው። ያንተ እየመጣ ነው።»

የመጣልኝ የማሽላ እንጀራ በሱፍ ፍትፍት ነበር። ዘሃራ የክርስቲያን ጎረቤቷን ድስት ተውሳ እንደሠራችው ኋላ ነው የሰማሁት፤ የእሷ ድስት ቅቤ ነክቶታል ብላ ነው። እኔ በከተማ አንድ ግቢ ውስጥ አብረውኝ ለሃያ ዓመት የኖሩ ጎረቤቶቼ የሚጾሙበትን ቀን አላውቅም።

የጠፍር አልጋውን ለኔ ለቆ ሰይድ ደጅ ተኛ። ብከራከረውም «ለሙቀቱ ብዬ ነው» አለኝ። ለሙቀቱ እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ። ከደጅ ሆኖ ወንዙን ይሰማል።

አራተኛው ቀን

መጠበቅን እኔ አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ መብራት ላይ፣ ሰልፍ ላይ፣ ጋራዥ ላይ ጠብቄአለሁ። እዚህ የሚጠበቀው ግን በማንም ላይ የማትቆጣበት ነገር ነው። ሰይድ ዳርቻው ላይ ድንጋይ ደርድሯል፤ ውሃው ሲጎድል ድንጋይ ይታያል፣ ሲሞላ ይዋጣል። ጧት ሁለት ድንጋይ ታየን። ረፋዱ ላይ አንዱ ተመልሶ ተዋጠ።

እኩለ ቀን አካባቢ ከማዶ አንድ ሰው ወደ ውሃው ወርዶ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። ወንዙ ቃሉን ይበላዋል። ሰይድ ውሃው ደረቱ ላይ እስኪደርስ ገባ፤ እኔ ቀበቶውን ከኋላ ይዣለሁ። ሰውየው ደጋግሞ ጮኸ፤ እኛ የሰማነው ሦስት ቃል ነው። መዲና። ምጥ። ሐኪሟ።

ሰይድ ወጥቶ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ሽርጡን ጨምቆ ወደ እኔ ዞረ።

«ሐኪሟ ያላት ያንተ ልጅ ናት?»

«እዚያ ሌላ የለም ብላኛለች። እሷው ናት።»

«ዕድሜዋ?»

«ሃያ ስድስት።»

«ሥራ ላይ እጇ እንዴት ነው?»

ይህን ጥያቄ ዛሬም አልረሳውም። ልጄን አስተምሬ አስመርቄአለሁ፤ ፎቶዋን በወርቅማ ፍሬም ሰቅያለሁ፤ ስትሠራ ግን አንድም ቀን አይቻት አላውቅም። ሊዋሹት የማይገባ ሰው ፊቴ ተቀምጧል።

«ስትሠራ አላየኋትም» አልኩት። «ግን ልጅ እያለች የጀመረችውን ሳትጨርስ አትተኛም ነበር። እናቷ ብትቆጣ፣ እኔ ብቆጣ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ሻማ አብርታ ትጨርሰዋለች።»

ሰይድ ራሱን ነቀነቀ። «ይበቃኛል» አለ።

እኔ ግን አልበቃኝም። ይህ ሰው ከነሚስቱ ያበላኛል፣ አልጋውን ለቆልኛል፤ እኔ ደግሞ የመጣሁት በዚህች ሰዓት ከልጁ አጠገብ ያለችውን አንዲት ሰው ይዤ ልሄድ ነው። ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እሱ ለሶላት ተነሣ። እኔም ፊቴን ወደ ማዶ አዙሬ አማተብኩ፤ ከዚያ በኋላ ለሁለቱም ሴቶች አንድ ላይ ጸለይኩ፤ መለየት ስላልቻልኩ።

አምስተኛው ቀን

በተራራው ላይ ሌሊቱን አልዘነበም። ሲነጋ አምስት ድንጋይ ታየ። ብዙም ሳይቆይ ከማሽላው ውስጥ የትራክተር ድምፅ መጣ።

የዚያ አገር የክረምት አውቶቡስ ይህ ነው። ባለቤቱ ከድር የሚባል ደንዳና ሰው ነው፤ በበጋ ያርሳል፣ በክረምት ውሃው ሲፈቅድ በተጎታቹ ሰውና ዕቃ ያሻግራል። ስኳር በማዳበሪያ የያዙ ነጋዴዎች፣ ሁለት ሴቶች፣ አንዲት ፍየል፣ እኔና ሰይድ ወጣን። ዘሃራ በዳርቻው ቀረች፤ ሰይድ ነው «አንድ ሰው ከወዲህ ይሁን» ያላት። እኔ ከመውጣቴ በፊት በልማዴ ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደረግሁ፤ ጥርሱ አልቋል።

«ፍሬኑ ይሠራል?» አልኩት ከድርን።

«አባባ፣ ውሃ ውስጥ ፍሬን ምን ያደርጋል?» አለኝ። 

ዋና አልችልም። ይህን እስካሁን አልጻፍኩትም፤ አስካለም ልብ ሳትለው ነው የላከችኝ። ውሃው የተጎታቹን ወለል ሲነካ ሰይድ ክንዴን ያዘ። ሰዎቹ ስለ ስኳር ዋጋ ያወራሉ። ፍየሏ ጫማዬ ላይ ቆማለች። እኔ ዓይኔን የከድር ጀርባ ላይ ተክዬ፣ በእግሬ ነዳጅ እየሰጠሁ ተሻገርኩ።

ጤና ጣቢያው ተቆልፏል። ዘበኛው «ሲስተር ከትናንት ወዲያ በጋሪ ሄደች፤ ታች፣ መዲና ዘንድ» አለን። ከድር ምን እንደተፈጠረ ሲሰማ፣ ሰማዩን አየ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቃችኋለሁ። ከዚያ በኋላ ዳመናው አይጠብቀኝም።»

የአህያ ጋሪ ተገኘ። ጋሪው ጭቃ እስኪይዘው ድረስ ሄደ። ከዚያ በእግር። ጉልበቴ ሲያቅተኝ ከኋላችን ጨው ጭኖ ይመጣ የነበረ ነጋዴ ጭነቱን ለሌላው ግመል አካፍሎ እኔን ሰቀለኝ። ግመል ከኋላ እግሩ እንደሚነሣ የነገረኝ አልነበረም፤ አንገቱን አቅፌ ቀረሁ። ሰይድ በጭንቀቱ መሃል እንኳ ፈገግ አለ። ነጋዴው ምንም አልተቀበለኝም፤ መንገዱን ይዞ ወደ ታች ሲሄድ እጁን ብቻ አነሣ።

ቤቱን የለየነው በደጁ በተሰበሰበው ሰው ነው። ሰይድ መራመዱን ትቶ ቆመ። ሰው ተሰብስቦ ሲታይ ወይ ደስታ ነው ወይ ሌላ ነው።  በዚህ ጊዜ ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ፤ ቀጥሎ ልጄ ወጣች።

ከስታለች። ፊቷ ጠቁሯል። እጅጌዋ እስከ ክርኗ ተጠቅልሏል። እኔን ስታይ ዓይኗ ለአንድ አፍታ ፈጠጠ፤ ልታቅፈኝ ነው ብዬ ክንዴን ዘረጋሁ።

«አባዬ፣ የመጣችሁበት ትራክተር ሄዷል ወይስ እየጠበቀ ነው?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቃል።»

«ጥሩ» አለች፤ ከዚያ ነው ያቀፈችኝ፤ እሱም ለአጭር ጊዜ።

ሕፃኗ ትናንት ማታ ተወልዳለች፤ ጤነኛ ናት። መዲና ግን ብዙ ደም ፈሷታል። ሕይወት ደሙን አቁማዋለች፤ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ስትሠራ ነው ያነጋችው። አሁን ደም ያስፈልጋታል፤ ደም ያለው ቆቦ ሆስፒታል ነው። ክንዷ ላይ የተሰካው ግሉኮስ የመጨረሻው ነው። ሰይድ ገብቶ ልጁን አያት፤ መዲና «አባ፣ ወንዙን እንዴት ተሻገርህ?» ስትለው ብቻ ነው ድምፁ የወጣው፤ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያለ ግንባሯን ነካ።

ቃሬዛ ተሠራ። ባሏ ከፊት፣ ሦስት ጎረቤቶች ከጎንና ከኋላ ተሸከሙ፤ ሲደክማቸው የሚቀበላቸው ተከትሏል። አማቷ ሕፃኗን አቅፋ መጣች። ሕይወት የግሉኮሱን ከረጢት ለኔ ሰጠችኝ። «ከልቧ በላይ አድርገህ ያዝ። እንዳታወርደው።»

በእኛ ከተማ እንዲህ ያለ በሽተኛ ሲያልፍ ሳይረን ይጮኻል፣ መኪና ገለል ይላል። እዚህ የሚጮኽ ነገር የለም። የሚያርስ በሬውን አቁሞ ይመጣል፣ የሚያርም ከማሳው ይወጣል፣ ትከሻውን ይሰጣል፣ የተወሰነ መንገድ ይሸከማል፣ ለሌላው ያስረክባል። ስማቸውን የጠየቀ የለም። ጋሪው አጠገብ ስንደርስ ስንት ሰው እንደተሸከማት መቁጠር አልቻልኩም።

ከድር አልሄደም። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ተራራው ላይ ሰማዩ ጠቁሯል። ቃሬዛውን በተጎታቹ ላይ አስቀመጡት፤ ሕይወት በአንድ በኩል ተንበርክካ፣ እኔ በሌላው ቆሜ፣ ገባን። መሃል ላይ የኋላ ጎማው አሸዋ ውስጥ ተንሸራተተና ተጎታቹ ወደ ጎን ተጎተተ።

«ማርሽ እንዳትቀይር!» ብዬ ጮኽኩ። «ነዳጁን ሳትቀንስ ያዘው!»

«አውቃለሁ አባባ!» ብሎ ጮኸልኝ ከድር።

«አባዬ፣ ክንድህ ወረደ!» አለች ሕይወት።

ክንዴን አነሣሁ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አልፏል። ያኔ ነው ያስተዋልኩት፤ አልፈራሁም። ፍርሃቱ ጠፍቶ ሳይሆን፣ ለፍርሃት የሚሆን ትርፍ እጅ ስላልነበረኝ ይመስለኛል። ጎማው ያዘ፤ ትራክተሩ እየጓራ ወጣ። ዳርቻው ላይ ዘሃራ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ትጠብቀናለች። መዲናን ሳመቻት፤ ሕፃኗን ከአማቷ ተቀበለች። እኛ ከተሻገርን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወንዙ የሰይድን ድንጋዮች በሙሉ ዋጣቸው።

ከዚያ የወንዙን መጉደል ሰምቶ ተሳፋሪ ፍለጋ የመጣው ባጃጅ፣ ከባጃጅ ሆስፒታል። ሰይድ ደሙ ከልጁ ጋር ተስማማ። ክንዱን ዘርግቶ ተኝቶ ሳለ ባጃጁን የሚነዳው ያው ጢማሙ ሰው በር ላይ ቆሞ «እኔም አለሁ» ይል ነበር።

ስድስተኛው ቀን

ጧት ስንገባ መዲና ተቀምጣ አጥሚት ትጠጣለች። ከንፈሯ ቀለም አግኝቷል። ሐኪሙ «ሁለት ቀን አይተናት ትወጣለች» አለን፤ ከዚያም ወደ ሕይወት ዞሮ «የሠራሽው ሥራ ነው ያደረሳት» አላት። እኔ ከጎኗ ቆሜ የምሆነውን አጣሁ። ሰይድ ክንዴን ጫን አድርጎ ያዘው።

ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ተቀመጥን። ሕይወት ስኳር አራት ማንኪያ ጨመረች።

«አባዬ፣ ልትወስደኝ ነው የመጣኸው?»

«አዎ። ሰፈር ክሊኒክ ቦታ አግኝቼልሻለሁ።»

ሻይዋን አማሰለች። «ያን ሌሊት ፈርቼ ነበር። ማንም አላወቀብኝም። ብትሞትብኝ ምን እሆናለሁ እያልኩ ነበር የምሠራው። እዚያ ሰዓት ላይ መጥተህ እንሂድ ብትለኝ እሄድ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ጨፌ ውስጥ እስከ መስከረም የሚወልዱ ሦስት አሉ።»

ለክሊኒኩ ባለቤት ምን እንደምለው ማሰብ ጀመርኩ። «እሺ፣ ከድር መቼ ነው የሚሻገረው?» አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ቶሎ ብላ ሻይዋን ጠጣች። ያን ቀን ሁለታችንም ምሳ ሳንበላ እስከ አሥር ሰዓት ተኛን፤ ከጭንቀት የተላቀቀ ሰው እንዴት እንደሚተኛ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሰባተኛው ቀን፣ ከዚያም ወደ ቤት

ሕይወት መድኃኒትና ግሉኮስ በካርቶን ይዛ ወንዙ ዳር ደረሰች። ሰይድ ሊሸኛት መጥቷል፤ ለኔ ደግሞ ዘሃራ የላከችውን ቅቤ በጣሳ ይዟል፤ «ጾሙ ሲፈታ» አለኝ። ውሃው እስከ ጉልበት ብቻ ነበር። ከድር እኔን ሲያይ «አባባ፣ ዛሬ አይነዱም?» ብሎ ሳቀብኝ።

ትራክተሩ ገባ፣ ተንገጫገጨ፣ ወጣ። ሕይወት ከማዶ ወርዳ እጇን አነሣች። ካርቶኗን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በማሽላው መሃል ስትገባ አየኋት። አልጠራኋትም።

መመለሻው ሁለት ቀን ፈጀ። ከሾፌር ጀርባ አልተቀመጥኩም፤ ከመጨረሻው ወንበር ይዤ አብዛኛውን መንገድ ተኝቼ መጣሁ። ቤት ስገባ አስካለ በር ላይ ነበረች። መጀመሪያ ያየችው እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን ባዶ መንገድ ነው።

«ልጄስ?»

«ደህና ናት። ሥራ ላይ ናት።»

ጣሳውን ተቀብላኝ ፊቷን አዙራ ገባች። እኔ ግን ተከትያት ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ወንዙን፣ ሰይድን፣ ቃሬዛውን፣ የቀላውን የመዲናን ከንፈር፣ ልጃችን ሻይ ላይ የነገረችኝን። አስካለ ስትሰማ ቆየች፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባችና ትልቁን ሻንጣ ከአልጋ ሥር ስትጎትት ሰማኋት።

«ያ ትራክተር» አለችኝ ከውስጥ፣ «ሴት ከፊት ያስቀምጣል?»